ሳልባጅ ኮትና የእጅ ሥራ ጥለት አጣምሮ የድሮ ዘመን አለባበስ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ አለባበስ የድሮ የሚመስለው በጨርቁ ዕድሜ ሳይሆን በቅርጹ ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ዘመን ምረጡ። ከቤተሰብ አልበም አንድ ፎቶ አውጡና ወገቡ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ኮሌታው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ተመልከቱ። የ1960ዎቹ ሱሪ ወገቡ እምብርት አካባቢ ወጥቶ ከጉልበት በታች ይሰፋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ረጅምና ሹል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ኮት ደግሞ ትከሻው ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ አለው። ሁለቱን አንድ ላይ መልበስ መልኩን ያፈርሰዋል።

ደሴ ሰኞ ገበያ የምትወጡ ከሆነ ጠዋት ውጡ፤ ያነሣችሁትን ልብስ ደግሞ ከሸራው ጥላ አውጥታችሁ እዩት። ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ሸራ ሥር የጨርቁ ቀለም ይለወጣል፣ እድፍም ይደበቃል። ብብቱን፣ የአንገቱን ውስጥና የኪሱን አፍ በብርሃን ፈትሹ። ብብት ላይ ጨርቁ ከሳሳ አትግዙት፤ እዚያ የሚገባ ጥገና አይቆይም።

ኮት ስትለኩ ከሁሉ በፊት ትከሻውን እዩ። የእጅጌው ስፌት ከትከሻ አጥንታችሁ ጫፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ካለፈ ተዉት። ወገብና የእጅጌ ርዝመት በቀላሉ ይስተካከላሉ። ትከሻ ማጥበብ ግን ገበሩን ከፍቶ፣ እጅጌውን ነቅሎ እንደገና መግጠም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከኮቱ ዋጋ የበለጠ ያስወጣል። ዕድሜውን ለማወቅ የተሠራበትን አገር አንብቡ፤ ምዕራብ ጀርመን የሚል ጽሑፍ ካለበት በፈረንጆች ከ1990፣ ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ከሆነ ከ1993 በፊት የተሠራ ነው።

ለደሴ ብርድ ሱፍ ይመረጣል። ሱፍ ነው የተባለው ሁሉ ግን ሱፍ አይደለም። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር ምዘዙና ለኩሱት። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸትና በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ግራጫ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ፖሊስተር ሸሚዝ ለ1960ዎቹ መልክ ይስማማል፣ ለኮት ግን አይሆንም።

ሱፍ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ ይታጠባል። ሙቅ ውሃና ማሸት ክሮቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ ኮቱ ይኮማተራል፤ አንዴ ከኮማተረ አይመለስም። የቆየ ሽታ ካለው በመጨረሻው ማለቅለቂያ 10 ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ስኒ ነጭ አቼቶ ጨምሩ። በረኪና ሱፍን ይበላል። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን በምንም ምክንያት አትቀላቅሉ።

አሁን ወደ ጥለቱ። አዲስ ጥለት ማሠራት ይቻላል፤ የተሻለው ግን መሐሉ ያለቀ፣ ጥለቱ ያልተነካ ነጠላ ፈልጎ ከእሱ መውሰድ ነው። የቆየ ጥለት ቀለሙ ስለበረደ ከአሮጌ ኮት ጋር ይዋደዳል። አዲስ ደማቅ ጥለት በደበዘዘ ሱፍ ላይ ትላንት እንደተለጠፈ ያስታውቃል።

ብዙ ልብስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውሃ ሲነካው ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ መግባቱን ጨርሷል። 60 ሴንቲ ሜትር ጥለት ከመቶ 5 ቢገባ 3 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፣ የተሰፋበትንም ጠርዝ ሰብስቦ ያጨማድደዋል። ስለዚህ ጥለቱን ሳትቆርጡ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ አድርቁት፤ አዲስ ከሆነ ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ ቀለሙን ፈትኑ፦ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ በካውያ ጫኑት። ቀይ ወይም ጥቁር ካረፈበት፣ ውሃው እስኪጠራ በቀዝቃዛ አለቅልቁት። ጨው ቀለም ያስይዛል የሚሉ አሉ፤ ተነክሮ ላለቀ ክር ያን ያህል አይረዳም። እስከ መጨረሻው ከለቀቀ ለጥቁር ጨርቅ ብቻ አውሉት። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበትን ጥለት በጋለ ካውያ አትንኩት፣ ይኮማተራል።

ከመቁረጣችሁ በፊት መቁረጫውን መስመር በሁለቱም በኩል በመኪና ስፉት። ሳይሰፋ የተቆረጠ ሸማ ድሩና ማጉ ወዲያው መለያየት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ማጠፊያ ተዉ።

ጥለት ቀጥ ያለ ስለሆነ ክብ ጠርዝ ላይ አይተኛም። ሙሉ ክብ ሆኖ በተቆረጠ ጉርድ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጥለት ብታዞሩ፣ የታችኛው ዙሪያ ከላይኛው በ50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ትርፉ ከላይ ተሰብስቦ ያብጣል። እንዲህ ላለው ጉርድ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ጥለት ተጠቀሙ፤ ትርፉ ስለሚያንስ ዙሪያውን ሁሉ በትንንሹ እየታጠፈ ይደበቃል። ሰፊውን ጥለት ከፊት ቁልቁል አውርዱት። ቀጥ ያለ ጉርድ፣ የእጅጌ ጫፍና የኪስ ክዳን ግን ሰፊውንም ይቀበላሉ።

መጀመሪያ በእጅ ላላ ባለ ረጅም ስፌት አስይዙና ለብሳችሁ እዩት። ከዚያ በ90 ቁጥር መርፌ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይሰፋ። ልብስ ሰፊ ጋ የምትሰጡ ከሆነ፣ ወገብ ሲያጠብ ትርፉን እንዳይቆርጥ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ከቀረ፣ ወደፊት ማስፋት ይቻላል።

የዳንቴል ኮሌታ ከልብሱ ጋር አይሰፋ። ከሥሩ ትንንሽ ቁልፍ ይደረግለትና እየወለቀ ለብቻው ይታጠብ።

ሲለበስ ጥለት ያለበት አንድ ነገር ይበቃል። ኮቱ ላይ ጥለት ካለ ሸሚዙና ሱሪው ልሙጥ ይሁኑ፤ ጉርዱ ላይ ካለ ከላይ ቀለሙ ከጥለቱ ክሮች ከአንዱ ጋር የሚሄድ ሹራብ ይደረብ። ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ የሚውል ሰው ኮቱን ማውለቁ አይቀርም፤ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ሙቀቱ ይለወጣል። ስለዚህ የሸሚዙ ኮሌታና የሱሪው ወገብ ያለ ኮትም የዘመኑን መልክ መያዛቸውን ከቤት ሳትወጡ በመስታወት አረጋግጡ።