ተጫዋች ፎንት ስትመርጡ

ለካርድ፣ ለስቲከር ወይም ለቲሸርት ጨዋታ የበዛበት ፎንት ስትመርጡ አንድ ቃል ወይም አጭር ርዕስ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት። የተሠራው በትልቁ እንዲታይ ስለሆነ አንቀጽ ሙሉ ሲጻፍበት ዓይን ያደክማል። ለቀረው ቀለል ያለ ፎንት ይበቃል።

በመቁረጫ ማሽን የምትሠሩ ይህቺን እባካችሁ አትዝለሏት፦ ፊደሎቹ የሚነካኩ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ቅርጽ እንዲሆኑ አዋህዷቸው፤ አለዚያ ማሽኑ በተደራረቡበት ሁሉ ይቆርጥና ቃሉ ይበጣጠሳል። ስቴንስል (ቀለም የሚቀባበት ተቆርጦ የተፈለፈለ ቅርጽ) ከሆነ የ«ወ» እና የ«ዐ» መሃል ተቆርጦ ስለሚወድቅ ከዙሪያው ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ድልድይ ተዉለት። ቀጫጭን ጭራ ያላቸው ፊደሎች ቪኒሉ (ተለጣፊው ስስ ፕላስቲክ) ሲላጥ ቶሎ ይቀደዳሉ፤ እኔ ሁልጊዜ ወፈር ያለውን እመርጣለሁ።

የምትሸጡት ሥራ ከሆነ የፎንቱን ፈቃድ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በነጻ ከሚወርዱት ብዙዎቹ ለግል ሥራ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው።