የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል? ሞተሩን ሳትፈቱ ማረጋገጥና በቁጠባ መጠገን

ሞተር በሞቀ ቁጥር «ቴስታታ ጋስኬት ነው» (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ ማለት ነው) የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን የማይከፈት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው)፣ መነሳት ያቆመ የራዲያተር ፋን ወይም ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳንም ሞተርን በደንብ ያሞቃል። እነዚህ በቀላሉ ይቀየራሉ። ጋስኬቱም ራሱ ያን ያህል ውድ ዕቃ አይደለም። ኪስ የሚጎዳው እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ነገርና የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ነው። ስለዚህ ቁጠባው የሚጀምረው አንድ ቡሎን ሳይፈታ፣ በምርመራው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት መንዳት አቁሙ። ውሃ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች ቶሎ ያልቃሉ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ ደግሞ ውሃ አይጨመቅምና የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል። «ጋራዥ እስክደርስ ብቻ» እየተባለ የተነዳ መኪና የጋስኬት ሥራውን ወደ ሙሉ ሞተር ሥራ ሊለውጠው ይችላል።

ምልክቱ ለምን ከመኪና መኪና ይለያያል?

ጋስኬቱ በብሎኩና (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚዘጋው ቴስታታ መካከል ተጨምቆ የተቀመጠ ስስ ነገር ነው። ሦስት ነገሮች እንዳይገናኙ ይጠብቃል፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ እና ዘይቱን። ምልክቱን የሚወስነው የተበሳበት ቦታ ነው።

ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ ከገባ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ተገፍቶ ይፈሳል፣ ሞተሩ ይሞቃል። ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ይታያል። ጠዋት ሲነሳም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ውሃና ዘይት ከተገናኙ ዘይቱ የወተት መልክ ይዞ ይወፍራል። በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ሲቃጠል ግን ውሃም ላይጎድል፣ ዘይትም ላይበላሽ ይችላል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንዘፈዘፋል። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተቀይሮ፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ተቀይሮ መፍትሔ የሚጠፋው እንዲህ ሲሆን ነው።

የሚያታልሉም አሉ። በብርድ ጠዋት የሚወጣ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ እንፋሎት ብቻ ነው። መኪናው አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ መታየቱም አያስደነግጥም። የዘይት መለኪያው ላይ ያለውን እዩ። እዚያም ወተት ከመሰለ ነገሩ የምር ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ የዘይት ማቀዝቀዣ ያላቸው መኪኖች ላይ ግን ማቀዝቀዣው ሲበሳም ዘይትና ውሃ ይቀላቀላሉ። ቴስታታ ከማውረድ በፊት እሱን ማየት ነው።

ደረጃ 1፦ ነፃ ምርመራ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጀምሩ። የሞቀ ሞተር የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ክዳኑ ሲላቀቅ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ውሃውን እስከ አፉ ሙሉት። ክዳኑን ክፍት ትታችሁ ሞተሩን አስነሱና ተመልከቱ። ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጀምሮ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ከበዛ፣ ጋዝ እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ውሃው በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ግን የታፈነ አየርም እንዲሁ አረፋ ያወጣል፤ እሱ ግን ቆይቶ ያልቃል።

ክዳኑን ዘግታችሁ ደግሞ በሌላ ቀዝቃዛ ጊዜ አስነሱ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅ ጨምቁ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው ድንጋይ ከሆነ ግፊቱ የመጣው ከሙቀት ሳይሆን ከሲሊንደር ነው። እጃችሁንና ልብሳችሁን ከፋኑና ከቺንጋው አርቁ።

ካንዴላዎቹንም ፍቱና በተርታ ደርድሯቸው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የተወለወለ መስሎ ከታየ ያ ሲሊንደር ውሃ እየጠጣ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ በመሣሪያ ማረጋገጥ

እኔ ብመርጥ ገንዘቤን መጀመሪያ የማወጣው ለጋዝ መመርመሪያው ፈሳሽ ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሞተሩ እየሠራ ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ ይሳባል። የተቃጠለ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ውሃውን ቀድማችሁ ትንሽ አጉድሉት። ቱቦው ውስጥ ከገባ ምርመራው ይበላሻል። ቀለሙ አለመለወጡ ግን ጋስኬቱን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣውም። ጋዝ የማያስገባ፣ ውሃና ዘይት ብቻ የሚያቀላቅል ቀዳዳ በዚህ አይገኝም።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው ግፊት። ነዳጁንና እሳቱን አቋርጡ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ እያንዳንዱን ሲሊንደር ለኩ። ቁጥሩ ከሞተር ሞተር ይለያያል። እዚህ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተቃጥሏል ማለት ይቻላል። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተን ፋሻ ነው። ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጋስኬት ነው። የናፍጣ ሞተር ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ የቤንዚን መለኪያ አይሆነውም።

የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ በውሰት ካገኛችሁ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ልክ ንፉትና ቆዩ። ግፊቱ እየወረደ በውጭ ምንም ጠብታ ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየሄደ ነው።

ደረጃ 3፦ ይጠገን ወይስ ይቅር?

ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው «ጋስኬት ደፋኝ» ፈሳሽ ይሠራል ወይ? ትንሽ የጋዝ ቀዳዳን ለጊዜው ሊደፍን ይችላል። የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን መንገዶችም አብሮ ሊደፍን ይችላል። ዕድሜው ላለቀ፣ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ለሚበልጥ መኪና እንደ መጨረሻ ሙከራ ይሁን። ዘይትና ውሃ ከተቀላቀሉ ግን አትሞክሩት።

ክፉኛ ሞቆ ብዙ የተነዳ ሞተር ከሆነ የጥገናውን ወጪ ከተሠራበት ሞተር ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከተገኘ ሒሳቡ ይገለበጣልና።

ደረጃ 4፦ ማውረድ

የመኪናው የጥገና መመሪያ ሳይኖር አይጀመርም። የቡሎን ጥብቀቱና ቅደም ተከተሉ ለእያንዳንዱ ሞተር የተለየ ነው።

ባትሪውን አላቁ፣ ውሃውንና ዘይቱን አፍስሱ። ኩላንት (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነም ሕፃናትና እንስሳት ሊጠጡት ይችላሉ። በዕቃ ክደኑት። እያንዳንዱን ቱቦና ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ምልክት አድርጉበት። የታይሚንጉን (ክራንክ ሻፍቱና ቫልቮቹ በአንድ ልክ እንዲሄዱ የሚያደርገውን) ምልክቶች አገጣጥማችሁ ነው ቺንጋውን ወይም ሰንሰለቱን የምታወጡት። የቴስታታው ቡሎኖች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከጫፍ ወደ መሃል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይላቀቃሉ። በአንዴ ከተፈቱ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል።

የወረደውን ጋስኬት ወዲያው አትጣሉት። የጠቆረው ወይም የተበላው ቦታ ምርመራችሁ ልክ እንደነበር ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ

የሞቀ ቴስታታ ጠፍጣፋነቱን ሊያጣ ይችላል። ፊቱን ካጸዳችሁ በኋላ ቀጥ ያለ ትክክለኛ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በስፋቱና በማዕዘን አቅጣጫ አስቀምጡና ከሥሩ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ፈትሹ። ለብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእናንተን መመሪያው ይናገራል። ብሎኩንም እንዲሁ። ከዚያ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ስንጥቅ እንዳለው በግፊት ማስመርመር፣ ከተጣመመም ፊቱን ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ቆጥቦ አዲስ ጋስኬት በጠማማ ቴስታታ ሥር መግጠም ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው። ብዙ ከተላጨ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ሊነካኩ ይችላሉ። ናፍጣ ላይ የጋስኬቱ ውፍረትም የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በሚወጣበት ልክ ነው።

ብሎኩን በሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት አታጽዱ። ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኖቹን ይፈጫል። የፕላስቲክ መፋቂያና ትዕግሥት ይበቃል። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ውሃና ዘይት አድርቁ። ፈሳሽ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ቡሎን ሲጠብቅ ብሎኩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መመሪያው «ቡሎኑ አንድ ጊዜ ብቻ» ካለ አዲስ ግዙ። እነዚህ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ናቸው፤ በድጋሚ ያንኑ ኃይል አይሰጡም። ቴርሞስታቱን አብራችሁ ቀይሩ። ቺንጋውና የውሃ ፓምፑ ጊዜያቸው ከደረሰ የእጅ ዋጋው አንድ ነውና አሁኑኑ ይቀየሩ። መቆጠብ የሚቻለው በመፍታቱ፣ በማጽዳቱና በመግጠሙ ጉልበት ነው። ቶርክ ሬንች (የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) የሌለው ሰውም ቢዋስ ይሻለዋል እንጂ በግምት አያጥብቅ።

ደረጃ 6፦ መግጠምና ማስነሳት

ጋስኬቱን በጽሑፉ አቅጣጫ፣ ደረቁን አስቀምጡ። መመሪያው ካላዘዘ ማስቲሽ አይቀባም። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ በደረጃ ይጠብቃሉ። ብዙ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ በኒውተን ሜትር (የጥብቀት ኃይል መለኪያ)፣ ከዚያ በዲግሪ ነው፤ 90 ዲግሪ ሲል የሩብ ዙር ማለት ነው።

ታይሚንጉን ከገጠማችሁ በኋላ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። የሚያግድ ነገር ከተሰማችሁ ቁሙ፣ ምልክቶቹን እንደገና እዩ።

አዲስ ዘይትና ፊልትሮ፣ አዲስ ኩላንት። የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አሠሩ፤ ፋኑ በራሱ መነሳቱንም አረጋግጡ። ጋስኬቱን ያቃጠለው ምክንያት ያልተነሳ ፋን ወይም የተደፈነ ራዲያተር ከነበረ አዲሱንም ያቃጥለዋል። በማግስቱ ሞተሩ በቀዘቀዘበት የውሃውን መጠን እዩና ሙሉ። ለጥቂት ቀናት እንዲሁ አድርጉ። አሮጌው ዘይት ወተት መስሎ ከነበረ አዲሱን ከአጭር ጉዞ በኋላ ፊልትሮውን ጨምሮ ድጋሚ ቀይሩት። የቀረው ውሃ ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣው ያኔ ነው።