ወንጪ፣ ዝቋላ፣ ፈንታሌ፦ ማልዶ ወጥቶ ሳይመሽ መመለስ

ሦስቱም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ወንጪ ጭጋግና ብርድ ያለበት ደጋ ነው፤ ሐይቁ ራሱ የተኛው 2,887 ሜትር ላይ ነው። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ በሜዳ መካከል ለብቻው የቆመ የ2,989 ሜትር ተራራ ነው። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ይንቀዋል። ነገር ግን መነሻው መተሐራ፣ አንድ ሺህ ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ያለ ቆላ ነው። በዚያ ሙቀት ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ማለት ነው፤ ከሦስቱ ሰው የሚጥለውም እሱ ነው።

ለሦስቱም የሚሠራው ስሌት አንድ ነው፤ ሒሳቡ የሚጀመረው ከመመለሻው ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ

በእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጠለቀች በኋላም ብርሃኑ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ መድረስ አለብን ብላችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ለመውጫው የቆየው ቀመር ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይላል። ይህ የለመደ ሰው ርምጃ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ወይም በቡድን ከሄዳችሁ በድምሩ ላይ ሲሶውን ጨምሩ። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ሲደመር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲሶው ሲጨመር ወደ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ቁልቁለቱ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ዕረፍት ጨምሩበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የተነሳ ሰው 5 ሰዓት ከ10 ላይ ጫፉ ጋ ይደርሳል፣ 9 ሰዓት ከ10 ላይ ይመለሳል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ዋናው ቁጥር የመዞሪያ ሰዓት ነው። ለዚህ መንገድ ቀትር 6 ሰዓት ይበቃል። ስድስት ሲሆን የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረውም፣ ትዞራላችሁ። ሰዓቱን ቤት ሳላችሁ ወስኑና ለቡድኑ ሁሉ ተናገሩ፤ ተራራው ላይ ሆኖ መወሰን አይሆንም፤ እዚያ ሁሉም ሰው “ትንሽ ነው የቀረን” ነው የሚለው።

ወንጪ ይህን ስሌት ይገለብጠዋል። መኪናው የሚቆመው ከላይ ነው፤ ጠዋት የምትወርዱት ከ300 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ከሰዓት በኋላ በደከመ ጉልበት የምትወጡት አቀበት ይሆናል። አወራረዱ ቀላል ስለሆነ ሰው ያታልላል፤ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ቂርቆስ ተሻግሮ፣ ፍል ውሃው ጋ ቆይቶ፣ 10 ሰዓት ላይ አቀበቱን ቀና ብሎ ሲያየው ነው የሚደነግጠው። እዚያ የመዞሪያ ሰዓታችሁ 8 ይሁን። ፈረስ የሚያስፈልገው ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ ዋጋውን ጠዋት ከመውረዳችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ከታች ሆናችሁ ዝናብ ሲጀምር የምትደራደሩበት ዋጋ ሌላ ነው።

ውሃ

ልኩ በሰዓት ግማሽ ሊትር ነው፤ በቆላ ፀሐይ ሽቅብ ሲወጣ እስከ አንድ ሊትር ይደርሳል። ለወንጪ ሁለት ሊትር ተኩል፣ ለዝቋላ ሦስት፣ ለፈንታሌ ለአንድ ሰው ከአምስት አያንስም። አምስት ሊትር አምስት ኪሎ ነው፤ ከባድ ነው ብሎ ሁለቱን ሊትር መኪና ውስጥ የሚተው ሰው ከቡድኑ ሁልጊዜ አይጠፋም፣ በኋላ ከሌላው የሚጠጣውም እሱ ነው። ለአምስቱ ሊትር አንድ ትልቅ ጀሪካን አትያዙ። ባለ አንድና ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ከፋፍሉት፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይቀራል፣ ግማሹ መቼ እንዳለቀም ቶሎ ይታያል። አንዱን ሃይላንድ ሦስት አራተኛ ሞልታችሁ ከዋዜማው ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ ሙሉ ከሆነ በረዶው ሲሠራ ይሰነጥቀዋል። እስከ ቀትር ቀስ እያለ እየቀለጠ ቀዝቃዛ ውሃ ይሰጣል፣ ሙቀት የመታው ሰው ካለም ብብቱ ሥር የሚቀመጥ በረዶ ይሆናል።

ግማሹ ውሃ ሲያልቅ የመዞሪያ ሰዓቱ ባይደርስም ትዞራላችሁ። በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ብርጭቆ እያሉ መጠጣት ጥም ሲይዝ ግማሽ ሊትር ከመገልበጥ ይሻላል። ሽንት የጠጅ መልክ ከያዘ ዘግይታችኋል።

ውሃ ብቻ ግን አይበቃም። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ለሰዓታት ላቡን እየጠረገ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሰው ጣቱ ያብጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ጓደኞቹም ውሃ ጠምቶት መስሏቸው ይበልጥ ያጠጡታል። መፍትሔው ስንቃችን ውስጥ አለ። ጨው ያለው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት የተበጠበጠ በሶ። በሶ ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ አንድ ጭብጥ ለሁለት ሰዓት ይይዛል። ሙዝ ቦርሳ ውስጥ ይላቁጣል፣ ቸኮሌት ፈንታሌ ላይ ሾርባ ይሆናል። ሁለት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ያዙ፣ አንዱን በአንድ ሊትር። ከሌለ ለአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ዝቋላን የሚወጡ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ የለመዱት ነው፣ አየሩም ደጋ ነው። ፈንታሌን ግን በዚያ ሁኔታ አትሞክሩት፤ ሌላ ቀን ምረጡ።

እግር

ጫማ ሲለካ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ካበጠ በኋላ፣ ከምትሄዱበት ካልሲ ጋር ይለካ። ማሰሪያውን ሳታስሩ እግራችሁን ወደ ፊት ግፉት፤ ከተረከዙ ኋላ አንድ ጣት የሚገባ ከሆነ ልኩ ነው። ከዚያ ያነሰ ጫማ ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ጥፍር ያጠቁራል። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ።

ሰልባጅ ተራ የሚሸጡ የተራራ ጫማዎች ከላይ አዲስ ይመስላሉ። ችግሩ ሶላቸው ውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ነው፤ ሳይለበስም ቢሆን ለዓመታት ሲቀመጥ ከእርጥበት ጋር እየተዋሃደ ይፈረፈራል። ከመግዛታችሁ በፊት ጫማውን እጥፍ አድርጉት፣ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ስንጥቅ ካሳየ ወይም እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ ይቅርባችሁ፤ ሁለት ሰዓት ከተሄደ በኋላ ሶሉ በሙሉ ተገንጥሎ ይቀራል። ለማንኛውም በውሃ መያዣው ላይ ሁለት ሜትር ናስትሮ ጠምጥማችሁ ያዙ፤ ለተገነጠለ ሶልም፣ ለተቀደደ ቦርሳም ይሆናል። አዲስ ጫማ ደግሞ እንጦጦ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ሳይሄድበት ሩቅ አይወሰድም። ተረከዝ ላይ ሞቅ ሞቅ ካለ ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተሩ እምብዛም አይረዳም።

በክረምት ዝቋላ ሥር ያለው ሜዳና ወደ ወንጪ የሚወስደው የበቾ ዋልካ ጫማን ኪሎ ያደርጉታል፣ መኪናም ይይዛሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ስለሆነ ዝቋላ በሕዝብ ይሞላል፤ ለእግር ጉዞ ብቻ የሚሄድ ሰው ሌላ ቀን ይፈልግ። ዝቋላ ጫፍ ላይ ያለው ሐይቅ ጠበል ነው፣ አይዋኙበትም።

ገሞራ ድንጋይ ላይ

እዚህ ላይ ነው የደጋ መንገድ የለመደ ሰው የሚሳሳተው። ከፈንታሌ ሥር እስከ መተሐራ የተዘረጋው ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ሲፈስ ከላይ ረግቶ፣ ከሥሩ መሄዱን ስላላቆመ ቅርፊቱ ተሰባብሯል። እያንዳንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ እንዲሁ ተደግፎ ነው የተቀመጠው። ርምጃችሁ በሰዓት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚለውን እዚህ እርሱት። ክብደታችሁን ከመጣላችሁ በፊት ድንጋዩን በእግር ነቅነቅ አድርጉት። አትዝለሉ። ስትወድቁ የምትዘረጉት መዳፍ ነውና የግንበኛ ጓንት ልበሱ፤ የድንጋዩ ጠርዝ ቆዳን እንደ ሞረድ ይልጣል፣ ባልጩት ያለበት ቦታ ደግሞ እንደ ምላጭ ነው።

በአካባቢው ከአመድና ከጋዝ የተጋገረ ሌላ ዓይነት ዐለትም አለ። ትኩስ ሳለ ውስጡ የታፈነው ጋዝ እንደ እንጀራ ዓይን አሳብጦታል፤ ከላይ ሲታይ ክብ ጉብታ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ ዋሻ። ጣሪያው ቀጭን ሊሆን ስለሚችል ጉብታው ላይ ከመውጣት ዙሩት። በዱላ ስትመቱት እንደ ከበሮ ከጮኸ ምክንያቱን አውቃችኋል።

ልል የሆነ ቀይ ገረጋንቲ ዳገት ላይ ሁለት ርምጃ ወጥቶ አንድ መንሸራተት ነው፤ አጫጭር እርምጃ፣ የእግር ጣት ወደ ውስጥ ተተክሎ። ሲወረድ በተረከዝ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ። አንዱ ከሌላው ቀጥታ በታች አይሁን፤ ድንጋይ ካፈተለከ “ድንጋይ!” ብላችሁ ጩኹ። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ መክተት ቢያስቅም ጠጠር ያስቀራል።

የፈንታሌ ጓዳ ውስጥ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ባለው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ፣ እንፋሎት የሚተነፍሱ ቀዳዳዎች አሉ። እንፋሎት ካለበት ሁልጊዜ ንፋሱን በጀርባ አድርጋችሁ ቅረቡ፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ አትቀመጡ፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወጡት ጋዞች ከአየር ስለሚከብዱ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛሉ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጥቶ ወዲያው ከጠፋ ጋዙ ሄዷል ማለት አይደለም፤ አፍንጫ ይደነዝዛል። የሞተ ወፍ ወይም ነፍሳት የተከማቸበትን ጎድጓዳ ሽሹ።

ፈንታሌ ተኝቷል ብሎ መዘናጋትም አይቻልም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በጎረቤቱ እሳተ ገሞራ በዶፈን መካከል ከምድር በታች የቀለጠ ድንጋይ ሲንቀሳቀስ አካባቢው ለወራት በርእደ መሬት ተናውጧል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑንና የጸጥታውን ሁኔታ ጠይቁ፤ ለዝቋላም ለወንጪም የጸጥታውን ጥያቄ አትዝለሉ። አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ሳይዙ አይገቡም፤ ከብት የሚጠብቁ ከረዩዎች መሬቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉና ሰላምታ የሚያቀርብላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። ኤርታ አሌን ከዚህ ዝርዝር ያወጣነው በአንድ ቀን የሚደረስበት ስላልሆነ ነው፤ ሐምሌ 2017 መፈንዳቱን፣ የጎረቤቱ ኃይሊ ጉብ ደግሞ ኅዳር 2018 መከተሉን ሳንቆጥር።

ሲበላሽ

ሙቀት፦ ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ካዞረው ጥላ ሥር አስተኙት፣ እግሩን ከፍ፣ ጨውና ስኳር ያለው ውሃ በትንሽ በትንሹ። መቀባጠር፣ ጓደኛውን አለማወቅ ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጠጥ አታስገድዱት፣ ትን ይለዋል። የቀረውን ውሃ ለመጠጥ አትቆጥቡ፤ ልብሱን አውልቃችሁ አርከፍክፉበት፣ በነጠላ አራግቡት፣ በረዶውን አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ነው ወደ ሐኪም የሚወሰደው። ከፍርሃት የተነሳ መጀመሪያ መኪና ፍለጋ መሮጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ከፍታ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪ ለወንጪ ሰውነቱ ለምዷል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ትናንት የገባ እንግዳ ግን አልለመደም፤ 3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ይደር። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣበት ወደ ታች ይውረድ፤ ወንጪ ላይ “ታች” ማለት ሐይቁ ሳይሆን ወሊሶ ነው።

መብረቅ፦ ዝቋላ በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ነውና ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ደመና መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠሩ፤ ሠላሳ ሳትደርሱ ካጉረመረመ ከጠርዙ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ እርስ በርስ ተራርቃችሁ ሂዱ። የመጨረሻው ጉርምርምታ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

ጎርፍ፦ መተሐራ አካባቢ ሰማዩ ጥርት ብሎም ደረቅ ወንዝ ውስጥ ምሳ አይበላም። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው የሚደርሰው እናንተ ጋ።

ስልክ፦ ጓዳው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ካርታውን ቤት አውርዱ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። የመዞሪያ ሰዓታችሁንና የመመለሻውን ለሹፌሩና ቤት ለቀረ አንድ ሰው ጽፋችሁ ስጡ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል ጭምር።

መኪናው ጋ ስትደርሱ የቀረውን ውሃ ከመጠጣታችሁ በፊት ለኩት። ለአንድ ሰው ከግማሽ ሊትር በታች ከተረፈ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ አንድ ሊትር ጨምሩ።