በቤት ሰርቨር ላይ ኮንቴይነሮች «ቦታ የለም» ብለው ሲቆሙ

የቤተሰቡን ፎቶዎችና ሰነዶች በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰብስቦ በዶከር (ፕሮግራሞችን «ኮንቴይነር» በሚባሉ የተለያዩ ሣጥኖች ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) የሚያስተዳድር ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት አገልግሎቶቹ በሙሉ ቆመው ያገኛቸዋል። ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጽፈውን የሥራ መዝገብ፣ ሲከፍተው «በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም» ይላል። በዚህ ጊዜ እጅ ወደ ማጥፊያ ትእዛዝ ይቸኩላል። እባክዎ ይታገሡ። የጠፋ የልጅ ፎቶ አይመለስም፤ ቆሞ የቆየ አገልግሎት ግን ይነሣል።

መጀመሪያ ይለኩ። «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኤች» አማራጭ ጋር ሲያስኬዱ የትኛው ዲስክ እንደሞላ ያያሉ። ዶከር በሊኑክስ ላይ ዕቃውን የሚያኖረው፣ ሌላ ቦታ ካልተነገረው በቀር፣ «ቫር» ውስጥ በ«ሊብ» ሥር ባለው የራሱ ማህደር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ሲስተሙ የተጫነበት ትንሹ ዲስክ ስለሆነ፣ አጠገቡ ባለ 4 ቴራባይት ባዶ ዲስክ ቢኖርም አይጠቅመውም።

ቦታ እያለ «የለም» ካለ ያንኑ ትእዛዝ ከ«አይ» አማራጭ ጋር ይድገሙት። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ኢኖድ (ዲስኩ ስለ ፋይሉ የሚይዘውን መዝገብ) ይይዛል፤ ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት ደግሞ የኢኖዶቹ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ፋይሎች ከተከማቹ ጊጋባይቱ ሳያልቅ ኢኖዱ ያልቃል።

ቀጥሎ «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» ይበሉ። ኢሜጆች (ኮንቴይነር የሚፈጠርባቸው አብነቶች)፣ ኮንቴይነሮች፣ ቮልዩሞች (የኮንቴይነሮች ውሂብ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች) እና የግንባታ ካሽ (ኢሜጅ ሲሠራ የሚቀር ጊዜያዊ ክምችት) ምን ያህል እንደያዙ ለይቶ ያሳያል። ካሹን በ«ዶከር ቢልደር ፕሩን»፣ ስም አልባ የሆኑትን አሮጌ ኢሜጆች በ«ዶከር ኢሜጅ ፕሩን» ማጽዳት አያስፈራም፤ ቢያስፈልጉ እንደገና ይሠራሉ ወይም ይወርዳሉ። ቮልዩም ግን ሌላ ነገር ነው። የዳታቤዝዎ ውሂብ ያለው እዚያ ነው። ኮንቴይነሩን ለጊዜው አፍርሰውት ከሆነ ዶከር ቮልዩሙን «ማንም የማይጠቀምበት» አድርጎ ይቆጥረዋል። ከ23ኛው እትም በፊት ቮልዩም የሚያጸዳው ትእዛዝ ስም የተሰጣቸውንም ጭምር ይጠርግ ነበር። ስለዚህ ቅጂ ሳይዙ ቮልዩም አይንኩ።

«ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» የሚያወጣው ሠንጠረዥ የማያሳየው አንድ ትልቅ ጉድ አለ፤ የኮንቴይነሮች ሎግ። ዶከር በተለምዶው አሠራሩ ለሎግ መጠን ምንም ጣሪያ የለውም፤ ስሕተቱን በየሰከንዱ የሚጽፍ አንድ ኮንቴይነር ብቻውን ዲስኩን ሊሞላው ይችላል። በዶከር ማህደር ውስጥ «ኮንቴይነርስ» የሚለውን በ«ዲዩ» ትእዛዝ ይመዝኑት። የተገኘውን ግዙፍ ሎግ አይሰርዙት፤ ኮንቴይነሩ እየሠራ ዶከር ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ይልቅ «ትራንኬት» በሚለው ትእዛዝ መጠኑን ወደ 0 ያውርዱት። ከዚያም በዶከር ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ለአንድ ሎግ 10 ሜጋባይት፣ በብዛት 3 ፋይል የሚል ገደብ ያስገቡና ዶከርን እንደገና ያስነሡ። ገደቡ የሚሠራው አዲስ በሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ላይ ስለሆነ ነባሮቹን አፍርሶ መፍጠር ግድ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ሌላም ሁኔታ ይገጥማል። ኃይል ሲመለስ የውጭው ዲስክ ማውንት ከመደረጉ (ከማህደሩ ጋር ከመያያዙ) በፊት ዶከር ቀድሞት ከተነሣ፣ ኮንቴይነሮቹ በዲስኩ ፋንታ ባዶውን ማህደር ያገኙና ትንሹ ዲስክ ላይ ይጽፋሉ። ፎቶዎቹ የጠፉ ይመስላሉ፤ አልጠፉም። «ፋይንድማውንት» በሚለው ትእዛዝ ዲስኩ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ኮንቴይነሮቹን ያቁሙ፤ ባዶው ማህደር ውስጥ የተጻፈውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዲስኩን ማውንት ያድርጉ። ዳግም እንዳይከሰት ዲስኩ ሳይገኝ ዶከር እንዳይነሣ፣ የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስነሣው በሲስተምዲ ማሠር ይቻላል።

መልእክቱ «ፈቃድ የለም» ከሆነ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የማህደሩ ባለቤት ቁጥርና ኮንቴይነሩ የሚሠራበት የተጠቃሚ ቁጥር አልተገጣጠሙም። ያገጣጥሟቸው፤ ማህደሩን ለሁሉም ክፍት የሚያደርገውን 777 የተባለ የፈቃድ ቁጥር አይጠቀሙ።

«ለንባብ ብቻ» የሚል ካጋጠመዎ ግን ሊኑክስ በዲስኩ ላይ ስሕተት አይቶ መጻፍን ከልክሎ ሊሆን ስለሚችል የሊኑክስን መልእክቶች በሚያሳየው በ«ዲሜሴጅ» ትእዛዝ ምክንያቱን ያንብቡ። ኮንቴይነሮቹን ያቁሙ፤ የማይተኩትን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። «ኤፍኤስሲኬ» የሚባለውን መጠገኛ የሚያስኬዱት ቅጂው ካለቀ በኋላ፣ ዲስኩም ከማውንት ከወረደ በኋላ ነው።