የኮምፔንሳቶ ታንኳ ንድፍ ሲቀየር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ንድፉን ሳይነካካ በቤቱ ታንኳ የሚሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ እኔም እንደዚያ ያለ ሰው አልነበርኩም። አንዱ ትንሽ ሰፋ እንዲልለት ይፈልጋል፣ ሌላው ሁለት ልጆች ሊጭንበት ያስባል፣ ሦስተኛው ደግሞ የገዛው ኮምፔንሳቶ ስላልበቃው ብቻ ጫፉን ያሳጥራል። ጣና ዳር ላደግን ሰዎች ተጨማሪ ፈተና የሚሆንብን ዓይናችን የደንገል ታንኳ መልመዱ ነው። ደንገል በራሱ የሚንሳፈፍ በመሆኑ ታንኳው ቢጣመምም፣ ውኃ ቢያልፍበትም ሰውን ይሸከማል፤ ጭነት ከበዛበት ሌላ እስር ይታከልበታል። የኮምፔንሳቶ ታንኳ ግን የሚሸከመው በቅርጹ ስለሆነ፣ ቅርጹ ላይ የተሠራውን ስህተት ውኃው ወዲያውኑ ያጋልጠዋል።

ከሁሉም በላይ ያሰለቸኝ ስህተት ሁለቱን ጎኖች አራርቆ የሚይዘውን የመሃሉን አግዳሚ አስረዝሞ ታንኳውን «ማስፋት» ነው። የተቆረጡት ኮምፔንሳቶዎች ጠርዝ ለጠርዝ በሽቦ ተሰፍተው በሚጣበቁበት ታንኳ ቅርጹን የሚወስነው የኮምፔንሳቶው ጠርዝ የተቆረጠበት መስመር ነው። ወለሉ በነበረበት ሆኖ ጎኖቹ ከላይ ወደ ውጭ ሲገፉ፣ የጎኑ የታችኛው ጠርዝ ጫፍና ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሆዱም እንደ ቀስት ይጎብጣል። አንድ ወጣት 4.5 ሜትር የሆነ ታንኳውን በዚህ መንገድ 10 ሴንቲ ሜትር አስፍቶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ አመጣልኝ። ውኃ ላይ ስናኖረው ሁለቱም ጫፎች አየር ላይ ቀሩ፤ አንድ ጊዜ በቀዘፈ ቁጥር ታንኳው እንደ እንዝርት ይሾር ነበር። ያገኘው ስፋትም ከውኃው በላይ የቀረ በመሆኑ ብዙ አልጠቀመውም፤ ሰው ገና ሲቀመጥ ታንኳው እንዳይዋልል የሚያደርገው ውኃው በሚነካበት መስመር ላይ ያለው ስፋት ነውና። በዚያ መስመር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 88 ቢያድግ፣ ከቅርጹ የሚገኘው ጽናት (ያለመዋለል አቅም) በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ምክንያቱም ጽናቱ የሚያድገው በስፋቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ነው። ስለዚህ መስፋት ያለበት ወለሉ ሲሆን፣ የጎኖቹም መስመር እንደገና መሣል አለበት። ይህንንም በመጀመሪያ ከጠንካራ ካርቶን በአንድ አሥረኛ ልክ መሥራት ይገባል፤ 4.5 ሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሥራውም ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም። ካርቶኑ ሳይጨማደድ እሺ ያላለውን ቅርጽ ኮምፔንሳቶም እሺ አይልም፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋሉ እንጂ እንደ ቅል አይድቦለቦሉም።

መቀመጫውን ከፍ ማድረግም የሰውን ክብደት ወደ ላይ አንሥቶ ታንኳውን ስለሚያዋልል፣ የሰፋውን ታንኳ መልሶ እንደ ማጥበብ ነው።

ሁሉንም ልክ በእኩል ማሳደግ የራሴ ስህተት ነበር። ቤተሰቤን ሁሉ ልጭን ብዬ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በ10 በመቶ ባሳድግ፣ የሚይዘው ይዘት በ33 በመቶ፣ የሚፈልገው ኮምፔንሳቶ ደግሞ በ21 በመቶ ጨመረ። ብቻዬን ስወጣበት ታንኳው ውኃው ላይ እንደ ቅጠል ቀለለ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣም እኔ ወደ ቤት ስቀዝፍ እርሱ በጎኑ ወደ ሸምበቆው ወሰደኝ። ከመጨመሬ በፊት አንዲት ቀላል ስሌት ብሠራ ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር። በውኃው መስመር ላይ ያለው የታንኳው ስፋት 2.3 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመስመጥ 23 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ይፈልጋል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተጨመረ ማለት ታንኳው ሦስት ሴንቲ ሜትር ወረደ ማለት ነው። ለሦስት ሴንቲ ሜትር ተብሎ ጎኑን በ15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ለነፋስ ሸራ መስጠት ነው።

ለፍጥነት ሲባል ማስረዘምም ብዙ ጊዜ ከድካም አያልፍም። እንደዚህ ያለ ታንኳ ጉልበት ሳያስጨርስ ሊደርስበት የሚችለው ፍጥነት በሰዓት በኪሎ ሜትር ሲለካ የርዝመቱ ስኩዌር ሩት በ4.5 ሲባዛ የሚገኘው ያህል ነው፤ አራት ሜትር ለሆነው 9፣ አምስት ሜትር ለሆነው ደግሞ 10 ገደማ ይሆናል። ተዝናንቶ የሚቀዝፍ ሰው ግን ከሁለቱም ገደብ በታች ስለሚሄድ፣ የተጨመረው ሜትር ለእርሱ ውኃ የሚጎትተው ተጨማሪ ገላ ብቻ ነው። የግድ መርዘም ካለበት፣ ኮምፔንሳቶው በ2.44 ሜትር ስለሚያልቅ መጋጠሚያ አይቀርም፤ መጋጠሚያው ቢያንስ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ፣ ማለትም ለ6 ሚሊ ሜትሩ 48 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሰያፍ ተሞርዶ ይደራረብ። የሁለቱን ጎኖችና የወለሉን መጋጠሚያ በአንድ መስመር ማሰለፍ ታንኳው የት እንዲሰበር እንደሚፈለግ ምልክት ማድረግ ነው።

ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን የታሸጉ የአየር ሳጥኖች ለዕቃ ቦታ ተብሎ ማንሣት ግን ከንድፍ ስህተትም የባሰ ነው። ውኃ የሞላው ኮምፔንሳቶ ራሱ ላይሰምጥ ይችላል፤ ተሳፋሪዎቹን ግን እንደ ደንገል ተሸክሞ አይቆይም።

የተቀየረ ታንኳ መጀመሪያ የሚፈተነው ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ ሲሆን፣ በሰው ፋንታ ውኃ የተሞሉ ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች ይጫኑበታል። የዚያን ወጣት ታንኳ የፈተንነውም እንዲሁ ነበር። የተጣበቀውን መፍታት ስላልተቻለ፣ ከኋላው በታች 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን ጣውላ አጣበቅንበት። አሁንም ጫፎቹ አየር ላይ ናቸው፤ መሾሩን ግን ቀንሷል፤ እርሱም በዚያው ታንኳ ከዳር ሳይርቅ ዓሣ ያጠምድበታል።