ምርጫ ያለበት አገር ስትገቡ የመጠጥ እገዳን በሰላም እንዴት ማሳለፍ ይቻላል?

ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ባንኮክ፣ ሕንድ ወይም ኢስታንቡል የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ለሕክምና ይሄዳል፣ ሌላው ዕቃ ሊያመጣ። ቲኬት ሲቆርጥ ዋጋውን ያያል፣ የሻንጣውን ኪሎ ያያል። እዚያ አገር ምርጫ መኖሩን ግን ማን ያያል? ከዚያ ማታ ድካሙን ሊያወጣ አንድ ቢራ ሲያዝ አስተናጋጁ ራሱን ይነቀንቃል። ሱፐርማርኬት ሲገባ የቢራው ፍሪጅ ተሸፍኗል። ታይላንድ፣ ሕንድና ቱርክ ሦስቱም በምርጫ ወቅት የአልኮል ሽያጭን በሕግ ያግዳሉ፤ የውጭ ዜጋ ነኝ ማለትም መጠጥ ቤቱን አያስከፍትም።

እገዳው የመጣው ከልምድ ነው። ድምፅ በመጠጥ ይገዛ ነበር። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ በ1758 (እ.ኤ.አ.) ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ሲወዳደር ለመራጮች መጠጥ በገፍ አስቀድቷል። በኋላ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በምርጫ ቀን መሸጥን ከለከሉ፤ ደቡብ ካሮላይና እገዳዋን ያነሳችው ገና እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ይህን ካወቅን ነገሩ እኛን ለማስቸገር የወጣ አይመስለንም።

1. ከጉዞ በፊት የምርጫውን ቀኖች ፈልጉ

«ቀኖች» ያልኩት አስቤበት ነው። አንድ ቀን ብቻ አይቶ መሄድ አይበቃም። ታይላንድ ውስጥ ቀድሞ ድምፅ የሚሰጥበት ቀንም እገዳ አለው። በ2023 ዋናው ምርጫ ሜይ 14 ነበር፣ ማለትም ግንቦት 6 ቀን 2015። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞም መጠጥ ተዘግቶ ነበር። ቱርክም በዚያው ቀን መረጠች፤ አሸናፊው ስላልለየ ሜይ 28 ሁለተኛ ዙር ተደረገ፣ እገዳውም ተደገመ።

ሕንድ ከሁሉም ትለያለች። የ2024 ምርጫ ከአፕሪል 19 እስከ ጁን 1 በሰባት ዙር ነው የተካሄደው። ቼናይ በመጀመሪያው ቀን መረጠች፣ ባንጋሎር አፕሪል 26፣ ዴልሂ ሜይ 25። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ «ሕንድ መቼ ትመርጣለች?» ብላችሁ ሳይሆን «ሆስፒታሌ ያለበት ከተማ መቼ ይመርጣል?» ብላችሁ ነው። ድምፅ በሚቆጠርበትም ቀን መጠጥ አይሸጥም።

2. ሰዓቱን ወደ እኛ ቀይሩት

እዚህ ላይ የአገራችን ሰው ብዙ ይሳሳታል። የታይላንዱ እገዳ ከምርጫው ዋዜማ 18:00 እስከ ምርጫው ቀን 18:00 ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። በር ላይ የተለጠፈ «6» ቁጥር አይቶ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጊዜ አለኝ ያለ ሰው እራት ላይ ይዘጋበታል። ቱርክ ደግሞ በምርጫው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ትዘጋለች። ሕንድ ረዘም ይላል፦ ምርጫው ከሚዘጋበት ሰዓት ወደ ኋላ 48 ሰዓት ነው።

3. ሆቴሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ

ሆቴል ውስጥ ይሸጣል ብሎ መገመት አያዋጣም። የሕንድ ሕግ ሆቴልን በስም ጠቅሶ ነው የሚከለክለው። ፊሊፒንስ ግን በምርጫ ሕጓ ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጡ አንዳንድ እውቅና ያላቸው ሆቴሎች ፈቃድ እንዲያገኙ ትፈቅዳለች፤ ጎብኚው እዚያው ግቢ ውስጥ መጠጣት አለበት። አገር ከአገር እንዲህ ይለያያልና ሪሴፕሽን ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ ምልልስ ያድናል።

4. ግብዣችሁን ያዝ አድርጉት

ለወሎ ሰው ከባዱ ይሄኛው ነው። እኛ ብቻችንን መቅመስ አናውቅም። ግን የሕንድ ሕግ ከመሸጥ ሌላ መስጠትንና ማደልንም ይከለክላል፣ በግል ቦታም ጭምር። ታይላንድም መሸጥ ብቻ ሳይሆን ማደልና ድግስ አድርጎ ማጠጣትን ትከለክላለች። ስለዚህ ከአገር ቤት የያዛችሁትን አረቄ ወይም ጠጅ ለደንበኛችሁ ልትቀዱለት ካሰባችሁ እገዳው እስኪያልፍ አቆዩት። ይህ የማይጠጣውንም ሰው ይመለከታል፤ ለነጋዴ ወዳጁ ጠርሙስ ገዝቶ የሚሄድ የማይጠጣ ሰው አውቃለሁ። ቱርክ ውስጥ ደግሞ በምርጫው ቀን በአደባባይ ቦታ መጠጣቱም ክልክል ነው።

5. ሻጩን አትለማመጡት

በሻይ ኩባያ ቢራ ቀድቶ የሚያቀርብ ቤት ይኖራል። «ለእናንተ ብቻ» ይላችኋል። እባካችሁ እምቢ በሉ። ታይላንድ ውስጥ ሕጉን የጣሰ እስከ ስድስት ወር እስር ወይም እስከ 10,000 ባት ቅጣት ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። እናንተ ነገ ትበራላችሁ። እሷ፣ ካሸሯ፣ እዚያው ናት። ወሎ ውስጥ ሰርግ ላይ ጠላ የሚጠጣና ብርዝ የሚጠጣ አንድ ድንኳን ስር ይቀመጣል፤ የማይጠጣበት ቤት የሄደ እንግዳም ጠላ አምጡ ብሎ አያስጨንቅም። እዚያም እንደዚያው እንሁን።

6. የሥራ እራቱን ቀን ቀይሩ

ውል የምትፈራረሙበት ወይም ደንበኛ የምትጋብዙበት ማታ እገዳው ላይ ከዋለ አዛውሩት፣ ወይም ምሳ አድርጉት። ለጋባዣችሁ «ምርጫ እንዳለ አይተናል» ብላችሁ ቀድማችሁ ብትነግሩት ደስ ይለዋል። ለራሳችሁ ክፍል የፈለጋችሁትን ከእገዳው በፊት ግዙ። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ወረፋው ረጅም ነው፣ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ሕንድ ውስጥ ዋዜማውም እገዳ ነው። ለሕክምና የሄደ ሰው ግን መድኃኒት ላይ ከሆነ ፍሪጁ ተሸፈነ አልተሸፈነ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይቅመስ።