የፊዚክስ ቋሚዎችን አሃድ ከቀመሩ አውጥቶ መጻፍ

በድሬዳዋ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ማታ ማታ ሳስጠና ደጋግሞ የሚገጥመኝ ስህተት ከስሌቱ ይልቅ ከአሃዱ የሚመጣ ነው። ተማሪው የስበት ቋሚ 6.674 × 10⁻¹¹ መሆኑን በቃሉ ይወጣዋል፤ አሃዱን ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። የሐረር ቡና ነጋዴ «አሥር» ብሎ ቢያቆም፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ በመሆኑ፣ የተነገረው 10 ኪሎ ይሁን 170 ኪሎ ሰሚው አያውቅም።

አሃዱን መሸምደድ አያስፈልግም። ቋሚው የሚገኝበትን ቀመር ይጻፉ፤ ቋሚውን ለብቻው በአንድ ወገን ያስቀሩ፤ ከዚያም በቀሩት መጠኖች ቦታ አሃዶቻቸውን ያስገቡ። የስበት ኃይል ከቋሚው፣ ከሁለቱ ግዝፈቶችና ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሚያያዝ፣ ቋሚው ኃይል በርቀት ካሬ ተባዝቶ ለግዝፈቶቹ ብዜት የተካፈለ ነው፤ አሃዱም ኒውተን·ሜትር²/ኪሎግራም² ይሆናል። ኒውተንን ራሱን ወደ ኪሎግራም·ሜትር/ሰከንድ² ከፈቱት ደግሞ ሜትር³/(ኪሎግራም·ሰከንድ²) ይቀራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የፕላንክ ቋሚ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ችግሩ ከቋንቋችን ይነሳል። «ሜትር በሰከንድ» ስንል ማካፈላችን ነው፤ «ሦስት በአራት ሲባዛ» ስንል ግን ያችው «በ» ለማባዛት ታገለግላለች። የአንድ የብርሃን ቅንጣት (ፎቶን) ጉልበት ቋሚው በድግግሞሽ ሲባዛ የሚገኝ በመሆኑና የድግግሞሽ አሃድ፣ ሄርዝ፣ 1/ሰከንድ በመሆኑ፣ ቋሚው ጉልበት ለድግግሞሽ ሲካፈል ጁል·ሰከንድ ይሆናል። ተማሪው «ጁል በሰከንድ» ብሎ ከጻፈ ዋትን ጻፈ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በአንድ ሰከንድ የሚወጣ ጉልበት መለኪያ እንጂ የፕላንክ ቋሚ አሃድ አይደለም። ስለዚህ ሲባዛ ነጥብ፣ ሲካፈል እዝባር መጻፍን ልማድ ያድርጉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ የፕላንክ ቋሚ 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል·ሰከንድ ተብሎ ያለ ስህተት ወሰን ተቆርጧል፤ ኪሎግራምም የሚተረጎመው በእርሱ ነው። የስበት ቋሚ ግን አሁንም በመለኪያ የሚገኝ ስለሆነ የስህተት ወሰን አለው።

የጋዝ ቋሚ 8.314 ሲሆን ጁል/(ሞል·ኬልቪን)፣ 0.0821 ሲሆን ሊትር·አትሞስፌር/(ሞል·ኬልቪን) ነው። ግፊቱ በፓስካል፣ ይዘቱ በሜትር³ ከተሰጠ የመጀመሪያውን ይውሰዱ፤ ፓስካል በሜትር³ ሲባዛ ጁል ይሰጣልና።

ዋጋዎቹን ከማስገባትዎ በፊት አሃዶቹን ብቻ አስልተው ይዩ። አንድ ተማሪዬ የከሰዓት በኋላውን 35 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳለ አስገብቶ የአንድ የጋዝ ሞለኪውልን አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት ሲያሰላ 7.2 × 10⁻²² ጁል አገኘ። የቦልትዝማን ቋሚ 1.380649 × 10⁻²³ ጁል/ኬልቪን በመሆኑ የሚሰረዘው ከኬልቪን ጋር ብቻ ነው። ሙቀቱን ወደ 308 ኬልቪን ለውጦ አንድ ነጥብ አምስት ጊዜ ቋሚውንና ሙቀቱን ሲያባዛ መልሱ ወደ 6.4 × 10⁻²¹ ጁል ሆነ፤ የቀድሞው ዘጠኝ እጥፍ ያህል አንሶ ነበር።